መጠንቀቅም ዋጋ ያስከፍላል፦ ከአንዲት ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከወንዝ ውሃ የሚይዘን የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያምራል። ሞላላ ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላ ቀለም አለው፤ በአንድ ጎኑ ቁልጭ ያለች እሾህ ትታያለች። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከሚሴ ተመድቤ መሥራት ስጀምር ግን የየዕለት እንግዳዬ ሆነ። ቦርከና ወንዝ ዳር የሚውሉ ልጆች ናሙና ይመጣል፤ ስላይዱን አዘጋጃለሁ፤ ሌንሱን አስተካክላለሁ፤ እሾሁ ብቅ ይላል።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው። እናቱ ውጤቱን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ያኔ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ነበረች። "ሲስተር፣ ከውሃው ነው ይሉናል። ታዲያ ከውሃው ሸሽተን የት እንግባ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ዳነ፣ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ገባ። በዓመቱ ያንኑ እንቁላል በእሱው ስላይድ ላይ አገኘሁት።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን የምትከራከሩትን ስለምከታተል ነው። ስለ አዲስ ዘር፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ገሚሶቻችሁ "ሙሉ በሙሉ ሳይረጋገጥ አይገባም" ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ "ዓለም ጥሎን ሄደ፣ እናንተ ገና ስብሰባ ላይ ናችሁ" ትላላችሁ። ለሁለቱም ወገን ተረት አናጣም። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" የሚለው ሕዝብ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይላል። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ እንዲቆም አልፈልግም። ግን ባዳመጥኩ ቁጥር የከሚሴዋ እናት ትመጣብኛለች። እናንተ ስትከራከሩ የሚጠብቀው ማነው?

ስለ እንዶድ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ስሙን እንጂ ነገሩን አታውቁትም፤ ኦሞ ከገባ በኋላ የተወለዳችሁ ናችሁ። እናቴ የተክሉን ፍሬ ታደርቀውና በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። ስትወቅጥ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። እኛን ልጆቹን "ወዲያ ሂዱ!" ትለናለች። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ነጭ አረፋ ይወጣዋል። ሸማ በእንዶድ ሲታጠብ የሚያወጣው ንጣት ዛሬ በየትኛውም ሳሙና አይገኝም ብል ማጋነን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ቢልሃርዚያን ሊያጠና ዓድዋ ሄደ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ያለው ውሃ ላይ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ከወንዙ ከፍ ባለው በኩል ያሉት ቀንድ አውጣዎች ደህና ናቸው። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የግድ በአንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ሰብስቦ አረፋው ውስጥ ጨመራቸው። ሞቱ።

ልብ በሉልኝ። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል! አረፋውንም፣ ቀንድ አውጣውንም ሁሉም ያየዋል። ሁለቱን ያገናኘው ግን ቆም ብሎ ያየው ሰው ነው።

ከዚያ ሥራው ቀጠለ። በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ ስሙ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ነው። ዓድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ለ5 ዓመት ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ሲጀመር ከሕዝቡ 63 በመቶው ቢልሃርዚያ ነበረበት። ሲያልቅ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ላብራቶሪ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም። በየማለዳው ከስላይዱ ላይ የሚጠፋ እሾህ ነው።

ታዲያ ለምን በየወንዙ አልተዳረሰም?

ጥንቃቄ መጣ። የዓለም አቀፍ ተቋማት ባለሙያዎች "ለሰውና ለአካባቢ አደገኛ አለመሆኑ ይረጋገጥ" አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። እንዶድ እኮ የዋዛ አይደለም። ጽንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተው የተመረዙ ሴቶች አሉ። ቀንድ አውጣ በሚገድለው መጠን ዓሣም ይገድላል። ግን ጥናት ሲቀርብ "ይህ ጥናት እኛ በምናውቀው የላብራቶሪ ሥርዓት አልተሠራም" ይባላል። እንደገና ይሠራ ሲባል ገንዘቡ የለም። ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በተጠየቀው ደረጃ የመርዛማነት ምርመራው ተሠርቶ ያለቀው በ1990 አካባቢ ነው። ከዓድዋው ወንዝ ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ። በዚህ መሃል በኬሚካል የሚሠራው የቀንድ አውጣ መድኃኒት ከውጭ በውድ ይገዛ ነበር፤ እሱም ዓሣ ይገድላል። አክሊሉ ራሱ በኋላ በአደባባይ እንደተናገረው፣ ከሁሉ የከበደው እንቅፋት ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ያለማመን ነበር። እሱና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ሽልማቱ ደስ ይላል። የከሚሴው ልጅ ግን አሁንም ወንዙ ውስጥ ነበር።

እንዶድ ብቻውን ቢልሃርዚያን ያጠፋ ነበር አልልም። ቀንድ አውጣው ተመልሶ ይራባል፤ ርጭቱ መደጋገም አለበት። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ሲመጣም ነገሩ ተለውጧል። የምለው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ዓመት መጠበቅ ራሱ ውሳኔ ነበር። ማንም ግን እንደ ውሳኔ አልቆጠረውም። አድርጋችሁ ከተሳሳታችሁ ስማችሁ ይጠራል። ዝም ብላችሁ ስታቆዩ ለሚታመመው ሰው ማንም ስም አይጠራም።

አሁን "ስለዚህ ጥንቃቄ ይቅር" ያልኩ የመሰላችሁ ካላችሁ ቆዩኝ።

በዚያው ዘመን፣ በ1960፣ ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል ሐኪም በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ፋይሏ ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከ1957 ጀምሮ እየተሸጠ ነው፤ እርጉዝ ሴቶችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱታል። ሁሉም ሰው ቀላል ፋይል ነው ብሎ ነበር። እሷ ግን ማስረጃው አላጠገባትም። ኩባንያው ደጋግሞ ደወለ፣ ደጋግሞ መጣ፣ ለአለቆቿም አመለከተ። መድኃኒቱ የነርቭ ጉዳት እንደሚያደርስ ከእንግሊዝ አገር ዘገባ ስታገኝ ደግሞ "ጽንስ ላይስ ምን ያደርጋል?" ብላ ጠየቀች። አልፈረመችም። በ1961 መጨረሻ ነገሩ ፈነዳ። በዓለም ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። በአሜሪካ ለሙከራ ተብሎ በሐኪሞች እጅ የታደለ ስለነበር እዚያም ጥቂት ልጆች ተጎድተዋል። በሺህ የሚቆጠሩት ግን በአንዲት ሴት እምቢታ ተረፉ።

ልጆቼ፣ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግራ ይገባል። በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው "ማስረጃው አልበቃኝም" አለ። አንዱ ልጆችን አዳነ፣ ሌላው ልጆችን በበሽታ አቆየ። እኔ በዚህ ላይ ብዙ ዓመት አስቤያለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው።

ኬልሲ የጎደለውን ለይታ ተናገረች። ይህን አምጡልኝ አለች፤ ቢያመጡላት ፋይሉ ይዘጋል። እንዶድን የጠየቁት ግን ጥያቄያቸው መጨረሻ አልነበረውም። ሌላው ትልቁ ነገር የሚጠብቀው ሰው ነው። አሜሪካዊቷ እናት ታሊዶማይድ ባትወስድ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች፤ ሌላ የእንቅልፍ መድኃኒትም በሽ ነው። የዓድዋው ሕፃን ግን ሲጠብቅ ጉበቱ ይታመማል። ለመጠበቅ ዋጋ የማይከፍል ሰው ሌላውን "ታገስ" ሲል ቀላል ነው። ስለዚህ "ጥንቃቄ" የሚል ሰው ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ ምን ቢቀርብልህ ትረካለህ? እስከዚያ የሚጎዳውስ ማነው? የመጀመሪያውን መመለስ ያቃተው ሰው የያዘው ጥንቃቄ አይደለም፤ ፍርሃት ነው፣ ወይም ሌላ ጥቅም ነው።

"አዲስ ነገር ነው፣ ፍጠን" የሚላችሁንም እንዲሁ ያዙት። ስህተት ቢሆን መመለስ ይቻላል? ቢበላሽ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል?

አንድ ሌላ ልማድም ልተውላችሁ። "ይህ ነገር መርዝ ነው ወይስ መድኃኒት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ታሊዶማይድ ራሱ በ1998 ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች፣ ከዚያም ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቅዷል፤ እርጉዝ እንዳትወስደው በጥብቅ ቁጥጥር። ተባይ ማጥፊያው ዲዲቲም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ከዚያ በኋላ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ፓምፓቸውን አዝለው በየቤቱ ገቡ። ልጅ ሆኜ ዕቃችንን ሁሉ ወደ ደጅ እናወጣ እንደነበር፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀር እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያ ዱቄት ብዙ ሰው አድኗል። በኋላ ግን ገበያ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ፣ ጎተራ ውስጥ ከእህል ጋር ሲደባለቅ አይቻለሁ። ግድግዳ ላይ ያለው ዲዲቲና ሽሮ ውስጥ ያለው ዲዲቲ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የስቶክሆልም ስምምነት ይህንኑ ለየ፦ ለእርሻ ከለከለ፣ ለወባ መከላከያ ደግሞ በቁጥጥር ፈቀደ። ደስ የሚለኝ ዓይነት ውሳኔ ነው።

ወደ ዛሬው ክርክራችሁ ልምጣ፤ ስለ ልውጠ ሕያው ዘር፣ ማለትም ባሕርይው በላብራቶሪ ስለተለወጠ ዘር።

እዚህ ላይ ልታከብሩት የሚገባ ሰው አለ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የዓድዋ ተወላጅ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዘር ከአገር አገር ስለሚዘዋወርበት መንገድ የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የካርታጌና ፕሮቶኮልን፣ ሲደራደሩ የአፍሪካንና የሌሎች ታዳጊ አገሮችን ድምፅ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ፕሮቶኮሉ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ አገር የተለወጠ ዘር ወደ ድንበሩ ከመግባቱ በፊት ይነገረዋል፤ ሳይንሱ ገና ሙሉ ባይሆንም ራሱን ለመከላከል መወሰን ይችላል። አገራችንም በ2001 ዓ.ም. የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655ን አወጣች። በጣም ጥብቅ ነበር፤ ተመራማሪዎቻችን ራሳቸው እንዳይሠሩ አሰረን ብለው ተቃወሙት። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ትል የሚቋቋም ቢቲ ጥጥ፣ ሁለት ዲቃላ ዝርያ፣ ለእርሻ ተፈቀደ።

ተወልደብርሃንን "የእድገት ጠላት" ያላቸው ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። የሌላ ሰው ዘር ሲመጣ የመጠየቅ መብት እንዲኖረን ነው የታገሉት። በአንጻሩ የአገራችን ተመራማሪ የቆላ ገበሬ ችግር ላይ ልሥራ ሲል እጁን የሚያስር ሕግ ያው የእንዶድን ታሪክ ይደግመዋል። የመጀመሪያው አዋጅ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ማሻሻሉ ትክክል ነበር። አሁን የምፈራው ሌላ ነው። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ማን ይከታተላል?

ቡርኪና ፋሶን እዩ። በ2008 ቢቲ ጥጥ መዝራት ጀመሩ። በሰፊው ገባ፤ ትሉን ተቋቋመ፤ ርጭት ቀነሰ። ተቃዋሚው ስለ ጤናና ስለ አካባቢ ይጮህ ነበር። ችግሩ የመጣው ማንም ካልጠበቀው በር ነው። የጥጡ ጭረት፣ ክር የሚሆነው ቀጭን ፀጉር መሰል ነገር፣ አጠረ። የቡርኪና ጥጥ በዓለም ገበያ የሚታወቀው በረጅም ጭረቱ ነበርና ዋጋው ወረደ። በ2016 ተዉት። ይህን ቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ማነው? በየቀኑ ጥጡን በጣቱ የሚስበው፣ የሚዳምጠው፣ የሚመዝነው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ግን ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ አታገኙትም።

ቢመጣስ? ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት መናገሩ ስለሚከብደኝ ነው።

ተምች የወረደበት ዓመት ነበር። የማልጠቅሰው የአንድ ወረዳ ኮሚቴ ስለ ፀረ ተባይ ርጭት ተሰበሰበ። እኔ ከጤና በኩል ተወክዬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ያዥም እኔው ነበርኩ። ርጭቱ አስፈላጊ ነበር፤ ተምቹ እህሉን ሙልጭ አድርጎ እየበላ ነበር። በመሃል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነሱ። ንብ አናቢ ናቸው። "አሥራ አንድ ቀፎ ነበረኝ። ከርጭቱ በኋላ ዘጠኙ ባዶ ሆኑ። ንብ ደክሞ በሚተኛበት በማታ ብትረጩት ምን ነበረበት?" አሉ። ሰብሳቢው "ማስረጃ ይዘው መጥተዋል፣ አባቴ?" አላቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ውስጥ አንድ እፍኝ የሞተ ንብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። አንዳንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው "ይሄ እንኳን ማስረጃ አይሆንም፤ በባለሙያ የተጠና ነገር ነው የሚያስፈልገን" አለና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

ልብ በሉ፣ እኔ የእንዶድን ታሪክ ያኔም አውቀው ነበር። ለሰው ሳወራው እቆጭ ነበር። "ጥናታችሁ ጥናት አይደለም ብለው ናቁን" እል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ እኛ ባለጋዋኖቹና ባለክራቫቶቹ በእኚያ ሽማግሌ ላይ ያደረግነው ያንኑ ነው። አክሊሉ ለማ ወንዝ ዳር ያገኘውን እኮ መጀመሪያ የሰጡት ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው። ንቡን ይዘው የመጡትም ሰውዬ እንደዚያው ነበሩ። ርጭቱን ተዉ አላሉም። ሰዓቱን ቀይሩ ነው ያሉት። ዛሬ ማንኛውም የሰብል ጥበቃ ባለሙያ የሚነግራችሁ ምክር ነው፤ ንብ በማይሠራበት ሰዓት ርጩ።

አንዳንዶቻችሁ ነገ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። ዘር የምትፈቅዱ፣ መድኃኒት የምትመረምሩ፣ ሶፍትዌር የምትሠሩ ትሆናላችሁ። ብዕሩ እጃችሁ ላይ ሲሆን የሰማችሁትን ጻፉት። ትክክል መሆኑን እስክታረጋግጡ አትጠብቁ፤ ማረጋገጡ በኋላ ይመጣል፤ ያልተጻፈ ነገር ግን አይመረመርም።

ሽማግሌው ንቦቹን አንድ በአንድ ለቅመው መልሰው ቋጠሯቸው። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጣታቸው ወፍራም ነበር። ጎንበስ ብዬ አላገዝኳቸውም። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት "ከተሰብሳቢዎች ልዩ ልዩ አስተያየቶች ተሰጥተዋል" የሚል ነው።

11 ቀፎ። 9ኙ ባዶ። በማታ ይረጭ ብለው ጠይቀዋል። ይኸው አሁን ጻፍኩት።